ልጅ ያቦካው ለእራት ይበቃል?

ሰው ቤት በእንግድነት ስትሄዱ ከቤቱ ልጅ ጋር የምታደርጉትን ጨዋታ እስቲ አስታውሱት። «ስምህ ማን ነው?» «ስንተኛ ክፍል ነህ?» «ስንተኛ ወጣህ?» በቃ፣ ጥያቄው አለቀ። ልጁም ለምዶታልና ሦስቱንም መልስ በአንድ ትንፋሽ ዘርግፎ ይገላገላል። ከዚያ ቡናው ይቀርባል፤ ትልልቆቹ ወደ ቁም ነገራቸው ይመለሳሉ። ልጁ በመሀል አንድ ነገር ጣል ካደረገ ግን ዓይን ሁሉ ያፈጥበታል። «የትልቅ ሰው ወሬ አትስማ! ሂድ ውጭ ተጫወት!» ለስለስ ያለ አባት ከሆነ ደግሞ በተረት ያባርረዋል፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

እንዳትቀየሙኝ፤ ልጅ አንወድም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለልጅ የማንሆነው የለም። ከአፋችን ነጥቀን እናጎርሳለን፤ እኛ አሮጌ ለብሰን ለእንቁጣጣሽ ልጅ አዲስ እናለብሳለን። የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሙላት ቤሩትና ጅዳ ወርዳ የሰው ቤት የምታጸዳው እናት ስንት ናት! ግን ያቺ እናት ሻንጣዋን ከማሰሯ በፊት ልጇን ቁጭ አድርጎ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው ማን ነው? ለእሱ ተብሎ የሚደረገውን ሁሉ የሚሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም እናቱ አውሮፕላን ከተሳፈረች በኋላ።

ማብላቱን፣ ማልበሱን፣ ማስተማሩን አቅማችን በፈቀደ መጠን እናውቅበታለን። ማድመጡ ላይ ነው የምንለግመው። ይህ ልግም ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም፤ ስለ ልጆች መብት መቶ ዓመት ሙሉ ሲጽፍ፣ ሲፈርም፣ ሲያውጅ የኖረው ዓለምም ያው ነው። ዛሬ እሱን እንጫወት። ቡናው እስኪፈላ ለንደንንና ዋርሶን ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን። የፈረንጆቹን ታሪክ በፈረንጆቹ፣ የኛን በኛ አቆጣጠር እቆጥረዋለሁ።

መነሻችን ለንደን፣ ትራፋልጋር አደባባይ፣ 1919። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ወራት አልፈዋል። መድፉ ዝም ብሏል፤ እንግሊዝና አጋሮቿ ግን በጀርመንና በኦስትሪያ ላይ የጣሉትን እገዳ ገና አላነሱም። ቪየና ውስጥ ሕፃናት በረሃብ ይረግፋሉ። ኤግላንታይን ጀብ የምትባል የአርባ ሁለት ዓመት ሴት የተራበ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት ለአላፊ አግዳሚው ስታድል ፖሊስ ያዛት። ጥፋቷ? ወረቀቱን ለሳንሱር አላሳየችም። ያኔ የኦስትሪያ ልጅ ማለት የጠላት ልጅ ነው፤ ለጠላት ልጅ ማዘን ደግሞ ያስጠረጥራል። ጀብ ፍርድ ቤት ቀርባ በራሷ አንደበት ተከራከረችና 5 ፓውንድ ተቀጣች። ታሪኩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። የከሰሳት ዐቃቤ ሕግ አርኪባልድ ቦድኪን ችሎቱ ሲያበቃ ከገዛ ኪሱ 5 ፓውንድ አውጥቶ ሰጣት ይባላል። በዚያው ዓመት ከእህቷ ከዶሮቲ በክስተን ጋር ያቋቋመችው ድርጅት ዛሬ እኛም አገር ስሙን ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ሴቭ ዘ ችልድረን ነው።

ይህች ሴት ልጅ አልወለደችም። በወጣትነቷ አስተማሪ ሆና ሞክራ፣ ሥራው አልሆንላት ብሎ ትታዋለች። ከልጅ ጋር መዋል እምብዛም አይሆንላትም ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። እንዴት አትሉኝም? ልጅ አቅፎ መሳም ሌላ፣ የልጅን መብት ማክበር ሌላ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለማ! እኛ ደግሞ በመሳሙ የሚደርስብን የለም።

ጀብ እርዳታ ብቻውን እንደማይዘልቅ ገባት። በ1923 ስለ ልጆች መብት አምስት ነጥብ ያለው አጭር መግለጫ አርቅቃ፣ በ1924 የመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቫ ላይ ተቀበለው። አገራችን የማኅበሩ አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1923) ነውና እኛም ያኔ ቤት ውስጥ ነበርን። የመግለጫው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ልጅ ሲራብ ይብላ፣ ሲታመም ይታከም፣ ሲያጠፋ ወደ መልካም ይመለስ፣ ወላጅ ካጣ መጠለያ ያግኝ፣ መከራ ሲመጣ እርዳታው ለልጅ ይቅደም፣ ማንም ጉልበቱን አይበዝብዝ። ማን ይህን ይጠላል? አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ መሀል ልጁ እጁን ዘርግቶ የሚቀበል እንጂ አፉን ከፍቶ የሚናገር አይደለም። ትልቁ ይሰጣል፣ ትልቁ ይጠብቃል፣ ትልቁ ያውቃል።

ዳቦውን እያቃለልኩ እንዳይመስላችሁ። በ1990 በዓለም ላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በዓመት ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2022 ቁጥሩ ወደ 4.9 ሚሊዮን ወረደ። ክትባቱ፣ ኦአርኤሱ፣ ንጹሕ ውሃው፣ ገጠር ለገጠር የሚዞሩት የጤና ሠራተኞች ያመጡት ለውጥ ነው። አሁንም በየዓመቱ ሚሊዮኖች ቤት ለቅሶ ይቀመጣልና ሥራው አላለቀም፤ ሆኖም ሰው ሲነሳ እንደሚችል ታይቷል። የኔ ጨዋታ ከዳቦው ቀጥሎ ስላለው ነው።

ያንን ገና በጀብ ዘመን ያነሳ ሰው ዋርሶ ውስጥ ነበር። ሄንሪክ ጎልድሽሚት የተባለ አይሁዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ያኑሽ ኮርቻክ በሚለው የብዕር ስሙ ነው። የጄኔቫውን መግለጫ አንብቦ አልተደሰተም። ይህ እኮ ትልልቆችን መለማመጥ እንጂ የልጆችን መብት መጠየቅ አይደለም የሚል ነበር የቅሬታው ፍሬ። እሱማ ተቺ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1912 ክሮክማልና ጎዳና ላይ በተከፈተው የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ቤት ውስጥ ያመነበትን ሠርቶ አሳየ።

ቤቱ ውስጥ ፍርድ ቤት ነበር። የምሬን ነው! ዳኞቹ ልጆች ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ክስ ካልቀረበባቸው መካከል በዕጣ ይወጣሉ። ከሳሹ ልጅ፤ ተከሳሹም ልጅ፣ ካልሆነም አስተማሪ፣ ካልሆነም ዶክተሩ ራሱ። የሚፈርዱበት ሕግ በአንቀጽ በአንቀጽ ተጽፎ ተቀምጧል። ከአንድ እስከ 99 ያሉት አንቀጾች በሙሉ ክሱን የሚዘጉ፣ ይቅር የሚሉ፣ በነጻ የሚለቁ ናቸው። ባለማወቅ ነው፤ ተጸጽቷል፤ ሁለተኛ አይለምደውም፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከ100 ወዲያ ፍርዱ ከበድ እያለ ይመጣና 1000 ላይ ከቤቱ መባረር አለ። ትልልቆች ሕግ ስናወጣ ከቅጣቱ ነው የምንጀምረው፤ የልጆቹ ቤት ሕግ ከምሕረቱ ጀመረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የራሱ የኮርቻክ የክስ መዝገብ ነው። በግማሽ ዓመት ውስጥ ራሱን አምስት ጊዜ ለዚያ ችሎት ከስሷል። አንዱን ልጅ ስለመታ፣ አንዱን ከመኝታ ክፍል ስላባረረ፣ አንዱን ማዕዘን ስላቆመ፣ አንዲቷን ልጅ ያለ ማስረጃ በሌብነት ስለጠረጠረ፣ አምስተኛው ደግሞ ዳኛ ስለሰደበ! እስቲ አስቡት፤ የናንተ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አራተኛ ክፍሎች ፊት ቆሞ «ክቡራን ዳኞች፣ ትናንት በሰልፍ ላይ አለንጋ በማንሳቴ...» ሲል። የኛዎቹ ጥፋታቸውን ቆጥረው ሳይጨርሱ ዳኞቹ ዩኒቨርሲቲ በገቡ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ብቻም አይደለም። በ1926 ኮርቻክ በአንድ የዋርሶ ዕለታዊ ጋዜጣ ውስጥ ዓርብ ዓርብ የሚወጣ የልጆች ጋዜጣ ጀመረ። ጸሐፊዎቹ፣ ዘጋቢዎቹ ልጆች ናቸው፤ ከየከተማው ደብዳቤ ይጎርፍላቸዋል። ስለ ቤታቸው፣ ስለ አስተማሪያቸው፣ በአይሁድነታቸው መንገድ ላይ ስለሚደርስባቸው ስድብና ድብደባ ይጽፋሉ። ጦርነት እስከመጣበት እስከ 1939 ድረስ ቆየ።

«እንግዲህ ይህ ሰውዬ ልጆችን መላእክት አድርጎ የሚያይ የዋህ ነው» እንዳትሉት። በ1923 ያሳተመው «ንጉሥ ማቺዩሽ ቀዳማዊ» የተሰኘ የልጆች ልብ ወለድ አለው። ትንሹ ንጉሥ የልጆች ፓርላማ ያቋቁማል። እንደራሴዎቹ ምን ቢወስኑ ጥሩ ነው? ትልልቆች ትምህርት ቤት ይግቡ፣ ልጆች ሥራውን ይረከቡ! ባቡሩን ልጅ ይነዳዋል፣ መሥሪያ ቤቱን ልጅ ይመራዋል፤ አገሩ ይተራመሳል፣ ጠላት ይገባል፣ ንጉሡም ይሰደዳል። ኮርቻክ ልጅ ሁልጊዜ ልክ ነው አላለም። ቃሉ ይመዘን እንጂ ገና ሳይሰማ አይጣል ነው ያለው። የኛም ሰው «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ብሏል እኮ። ብስሉን ከጥሬው ለመለየት ግን መጀመሪያ ማዳመጥ ግድ ነው። ተረቱን እንጠቅሳለን፣ ለቀማው ላይ የለንበትም።

በነሐሴ 1942 ናዚዎች አይሁዶችን አጉረው ከያዙበት የዋርሶ ሰፈር፣ ከጌቶው፣ ሲያግዙ ተራው የዚያ ቤት ልጆች ሆነ። ኮርቻክን ሊያስመልጡት የፈለጉ ወዳጆች ነበሩ፤ እምቢ አለ። አብራው ዕድሜዋን ሙሉ ከሠራችው ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር፣ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ልጆችን ይዞ ትሬብሊንካ ወደሚባለው መግደያ ሥፍራ በሚሄደው ባቡር ተሳፈረ። ከዚያ የተመለሰ የለም።

የፖላንድ ሰዎች ግን ነገሩን አልተዉትም። የልጆች መብት እንደ ምክር ሳይሆን አስገዳጅ ውል ሆኖ ይጻፍ ብላ በ1978 ለተባበሩት መንግሥታት ረቂቅ ያቀረበችው ፖላንድ ናት። አሥር ዓመት ከተሟገቱበት በኋላ ኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1989) የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጸደቀ፤ 54 አንቀጽ አለው። ዳቦው፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ ሁሉ አለበት። አንቀጽ 12 ላይ ግን የጀብ መግለጫ ያልነካውን ነካው፤ የራሱን ሐሳብ ማፍለቅ የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን ይግለጽ፣ የተናገረውም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ይመዘን አለ። በፍርድ ቤትም በቢሮም ጉዳዩ ሲታይ እንዲሰማ አዘዘ።

አገራችን ይህን ስምምነት የተቀበለችበትን ቀን ታውቃላችሁ? ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም.። ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ እየተጠጋ፣ ለጋ ወጣት ከየሰፈሩ እየታፈሰ ወደ ግንባር ሲጫን በኖረበት ዘመን ማብቂያ ላይ። ልክ በሳምንቱ ግንቦት 13 ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ወጡ። መንግሥት ለመውደቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የልጆችን መብት ፈርሞ መሄዱን ምን ትሉታላችሁ? እኔ መቼም ከሁሉ ፊርማዎቹ ይህኛው ሳይሻል አይቀርም ባይ ነኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሐምሌ 4 ቀን 1982፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስቦ የአፍሪካን የልጆች መብትና ደኅንነት ቻርተር አጽድቋል። ይህኛው ልጁንም ግዴታ አለብህ ይለዋል። አንቀጽ 31፣ ልጅ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ያክብር፣ ለቤተሰቡ አንድነት ይሥራ ይላል። አባቶች ሆይ፣ አታጨብጭቡ! እዚያው ቻርተር ውስጥ አራተኛው አንቀጽ ልጁ በጉዳዩ ይሰማ ይላል። ከአርባ ስምንቱ አንቀጾች መካከል 31ኛውን ብቻ መሸምደድ አይቻልም።

ደግሞ ሰኔ 9 በየዓመቱ የምናከብረው የአፍሪካ ልጆች ቀን ከየት መጣ? በ1976 ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። በምን ቋንቋ መማር ትፈልጋላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ትልልቆቹ አንገታቸውን ደፍተው በኖሩበት ዘመን ልጆቹ «እምቢ» አሉ፤ የአፓርታይድ መሠረት ከተናጋባቸው ቀናት አንዱ ያ ቀን ሆነ። እኛ ቀኑን በፊኛና በኬክ እናከብረዋለን፤ መድረክ ላይ ለልጁ ማይክሮፎን እንሰጠውና ትልቅ ሰው የጻፈለትን ንግግር እንዲያነብ እናደርገዋለን።

የሕፃናት መብቶች ስምምነትን 196 ወገኖች ተቀብለውታል። በተባበሩት መንግሥታት አባልነት ታቅፋ ያላጸደቀችው አንዲት አገር ብቻ ናት፤ አሜሪካ። በ1995 ፈርማለች፣ አላጸደቀችም። እዚህ ላይ የአሜሪካ ወገኖቻችን ጨዋታ ትዝ ይለኛል። አባት ቀበቶ ሲፈታ ልጅ ስልኩን ብድግ አድርጎ «ናይን ዋን ዋን ልደውል?» ይላል የሚሉት ጨዋታ። ወላጆች «በዚህ አገር ልጅ አይቀጣም» ብለው ያማርራሉ። አስቂኙ ነገር፣ ወላጅ ቤቱ ውስጥ ልጁን በመጠኑ ቢመታ በሃምሳውም ግዛቶች ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የሚያስጠይቀው ጉዳት ሲሆን ነው። ልጁም አባቱም ሕጉን ሳያነቡ ይፈራራሉ ማለት ነው!

በትር በቤትም በትምህርት ቤትም ክልክል ነው ያለችው የመጀመሪያዋ አገር ስዊድን ናት፣ በ1979። ሕጉን አውጥታም አልተቀመጠችም፤ የሕጉን ማብራሪያ በወተት ካርቶን ላይ አትማ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ልጁም አባቱም ወተቱን ሲቀዱ አብረው አነበቡት። ዛሬ ይህን መንገድ የተከተሉት አገሮች ከ60 በላይ ናቸው። የኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ የአካል ቅጣትን ከልክሏል። ከቤት ውስጥ ኩርኩም፣ ከቁንጥጫና ከበርበሬ ጭስ ጋር ግን ገና አልተያየም። የተመታ ልጅ ጥፋቱን አይነግረንም፤ ደህና አድርጎ መደበቅን ይማራል። በትር ልጅን የማዳመጥ ፍላጎት እንደሌለን የምንነግርበት አቋራጭ መንገድ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ልጁን ስማው፣ አለቀ። አሁን ወደሚያስቸግረው ልውሰዳችሁ፤ ወደ ቦሊቪያ።

ቦሊቪያ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ማኅበር አላቸው። ጫማ የሚጠርጉት፣ ገበያ ላይ የሚሸከሙት፣ መቃብር ቦታ አበባ የሚያጠጡት ተደራጅተው ይሰበሰባሉ፣ ይመርጣሉ፣ ይወስናሉ። በ2013 መጨረሻ መንግሥት ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ 14 ነው የሚል ሕግ ሲያዘጋጅ ልጆቹ ላ ፓዝ ላይ ሰልፍ ወጡ። «አትከልክሉን!» አሉ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው፤ አገር ተንጫጫ። ፕሬዚዳንቱ ኤቮ ሞራሌስ ራሳቸው በልጅነታቸው የሠሩ ናቸውና ልጆቹን አስጠርተው አነጋገሩ። በ2014 የወጣው ሕግ ለየት ያለ ሆነ፤ መደበኛው 14 ሆኖ፣ በራሱ ሥራ የሚሠራ ልጅ ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ሊፈቀድለት ይችላል አለ፤ ወላጅ ከፈቀደ፣ ትምህርቱን ካላቋረጠ፣ ሥራው ካልጎዳው። የዓለም የሥራ ድርጅት ተቆጣ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ2018፣ ሕጉ ተሻሽሎ ወደ 14 ተመለሰ።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጆቹ ተሰሙ፤ ያሉት ግን «እንሥራ» ነው። የልጅ ጉልበት ይበዝበዝ ልንል ነው? ወይስ «ልጅ ምን ያውቃል» ብለን ወደ ድሮአችን ልንመለስ? ልጆቹ የሚሉትን እስከ መጨረሻ የሰማ ሰው ሌላ ነገርም ይሰማ ነበር። ሕጉ ቢከለክለን እናታችን የምትከፍለው የቤት ኪራይ አይከፈልም፤ እንሠራለን፣ ግን ተደብቀን፤ ስንደበቅ ደግሞ አሠሪው ግማሽ ይከፍለናል፣ ቢመታንም የት እንከሳለን ነው የሚሉት። ኮርቻክ ሐኪም ነበርና በሱ ሙያ ልመስለው፤ ሐኪም በሽተኛውን የት ላይ እንዳመመው ይጠይቃል እንጂ መድኃኒቱን እዘዝልኝ አይለውም። የቦሊቪያ ልጆች ያመማቸውን ቦታ በደንብ አሳይተዋል፤ የእናታቸው ገቢ ነው። የዕድሜ ቁጥሩን ከ14 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 14 የሚያመላልሰው ሁሉ ያንን ቦታ አልነካውም።

ይህ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እኛ አገር ለመቀጠር ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ጫማችንን የሚጠርገው ሊስትሮ ግን አዋጁን አያውቀውም፤ አዋጁም እሱን አያውቀውም፣ ቀጣሪ የለውማ! በዓለም ላይ በ2024 የሚሠሩ ልጆች 138 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ፋብሪካ ሳይሆን እርሻ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም በገዛ ቤተሰባቸው ማሳ። በቁጥጥር የምትደርሱበት ቦታ አይደለም። የምትደርሱበት ልጁን ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ «ለምን?» ስትሉት ነው።

ማድመጥ አገር ሲለውጥ ያየነው ደግሞ እዚሁ እኛው ዘንድ ነው። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል የጠላፊዋን ጠመንጃ አንስታ ተኩሳ ገደለችው። በዚያን ጊዜ በነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። የልጅቷ ፈቃድ ምን ነበር? የሚጠይቅ የለም። በፈረንጆቹ 1995 በተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። የአገር ሽማግሌዎች ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወሰኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የቤተሰብ ሕጉ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ የጠላፊው ማምለጫም በአዲሱ የወንጀል ሕግ ተዘጋ።

በዚህ ታሪክ ላይ የተሠራውን «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ዓለም አጨበጨበለት። በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ታገደ። ዕግዱ ከተጠየቀበት ምክንያት አንዱ ባለታሪኳ ሳትጠየቅ ታሪኳ ተነገረ የሚል ነበር። ያኔ ትልቅ ሰው ሆናለች። አያችሁ? በበጎ የተነሳ ሰው እንኳ ባለቤቱን መጠየቁን ሊዘነጋ ይችላል።

ሌላም አለ። በ1996 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቀው ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ልጃቸውን ሳይድሩ ትምህርቷን ላስቀጠሉ ቤተሰቦች መጨረሻ ላይ የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ስጦታው ብቻ አልነበረም ሥራውን የሠራው። ልጃገረዶቹ በቡድን እየተሰበሰቡ ይነጋገራሉ፤ መካሪ የሆነች ታላቅ ሴት ትሰማቸዋለች፤ ወላጆችም ለብቻቸው ተቀምጠው ይወያያሉ። ያለዕድሜ ጋብቻው በሚታይ ሁኔታ ቀነሰ። በየትምህርት ቤቱ በተቋቋሙ የሴቶች ክበባትም «አባቴ ሊድረኝ ነው» ብላ ለመምህሯ የተናገረች ልጅ ብዙ ናት። ሕጉ ያዳናት፣ የሚሰማት ጆሮ መጀመሪያ ስለተገኘ ነው። 18 ዓመት የሚለው ቁጥር በራሱ የማንንም ሠርግ አስቁሞ አያውቅም።

አሁን «ልጅን ከሰማነው ቤቱን ይገዛዋል» የሚለው ወዳጄ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አይገዛውም። አንቀጽ 12ን ደግማችሁ ብታዩት፣ ልጁ ይወስን አይልም። ከወላጅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁት። ትምህርት ቤት ልታዛውሩት፣ አያቱ ጋር ልትልኩት፣ ልትፋቱ፣ ልትሰደዱ ሲሆን ልጁ ወሬውን ከጎረቤት አይስማ። ሁለተኛ፣ ያለውን መዝኑት፤ የአምስት ዓመቱን እንደ አምስት፣ የአሥራ አምስቱን እንደ አሥራ አምስት። ሦስተኛ፣ ካልተስማማችሁ ለምን እንዳልተስማማችሁ ንገሩት። ሦስተኛዋ ናት አጥንት የምትሰብረን። «አባትህ ስለሆንኩ!» ምክንያት አይደለም፤ ልጁ አባቱ መሆናችሁን ቀድሞም ያውቃል።

ከጠየቃችሁት ደግሞ የማትወዱት መልስ ሊመጣ እንደሚችል ተዘጋጁ። «አዲሱ ትምህርት ቤት አስተማሪው ይመታል።» «አጎቴ ቤት አልሄድም።» ይህቺ «አልሄድም» ብዙ ጊዜ ስንፍና ትመስላለች፤ አንዳንዴ ግን ልጁ ሊናገረው የፈራው ከባድ ነገር ያለባት እሷ ናት። ተቆጥታችሁ ከዘጋችኋት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ቀስ ብላችሁ «ለምን?» ካላችሁት የሕፃናት ክትትል ጽሕፈት ቤትም፣ ፖሊስም፣ የተባበሩት መንግሥታትም የማይደርሱበትን እናንተ ትደርሱበታላችሁ።

ልጅ ፊት «ይህን አላሰብኩትም ነበር» ማለት ከአባትነት ሹመት አያወርድም። በግማሽ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ፊት አምስት ጊዜ ተከሶ የቆመው ኮርቻክ ያንን ቤት ሠላሳ ዓመት መርቶታል፤ ሥልጣን ጎደለብኝ ብሎም አያውቅም።